አዲስ መድኃኒት የሚፈተንባት ከተማ

አንባቢ ሆይ! ስለ አሜሪካ አገር የተጻፈ የመንገደኛ ወሬ ብዙ አንብበሃል። ፎቁ ስንት ደርብ እንደ ሆነ፣ ድልድዩ ስንት ሜትር እንደ ረዘመ፣ የምድር ውስጡ ባቡር ስንት ሕዝብ እንደሚያመላልስ ተነግሮህ ጠግበሃል። ዛሬ ደግሞ እስቲ ሌላ መንገድ ላሳይህ። መንገዱ አጭር ነው፤ የአንድ ቀን ነው። ጠዋት ከኒው ዮርክ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ተነሥተን፣ ከቀትር በኋላ ኒው ሄቨን ከምትባል መካከለኛ ከተማ እንገባለን። የምንከተለው ፋና የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ አይደለም፤ የአንድ መድኃኒት ፋና ነው። መድኃኒቱም የታሰበው ለወባ ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን ጠጕር ለሚያረግፍ በሽታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ለጠጕር ይህን ያህል መንገድ?» ትል ይሆናል። ለመፍረድ አትቸኩል። በመንገዳችን መጨረሻ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀናል፤ ይኸውም ለሞት የማያሰጋን በሽታ ለማዳን ሲባል ሌላ አደጋ ሊያመጣ የሚችል መድኃኒት መዋጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። እኔ መንገዱን እመራሃለሁ፤ ጥያቄውን ግን ራስህ አስብበት።

በሽታው ምንድን ነው?

ከመነሣታችን በፊት ስንቃችንን እንያዝ። ጠጕሩ ጥቁር ደን የመሰለ አንድ ወጣት አንድ ጠዋት ሲያበጥር በራሱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ባዶ ቦታ ያገኛል። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ቅርፊት የለውም፣ አይቆስልም። ሌሊት አንዳች ነገር መጥቶ የላሰው ይመስላል። ያገራችን ሰው ላሽ የሚለው ይህን ነው፤ የሐኪሞች ስሙ አሎፔሺያ አሪያታ ነው። ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉ በዕድሜው ዘመን አንድ ጊዜ እንደሚያገኘው ይገመታል። በብዙዎቹ ላይ ባዶው ቦታ በወራት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይሞላል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ክቦቹ እየሰፉና እየተጋጠሙ ሄደው ራስ ሁሉ ይራቆታል፤ ከዚያም አልፎ ቅንድብና ሽፋሽፍት፣ ጺምና የገላ ጠጕር ሳይቀር የሚረግፍበት ሰው አለ።

ይህን ከቆረቆር ጋራ አታደባልቀው። ቆረቆር ከፈንገስ የሚመጣ፣ ቅርፊት ያለው፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ላሽ ግን አይተላለፍም። ከባለ ላሹ ጋራ ማበጠሪያ ብትዋዋስ፣ ባርኔጣ ብትለዋወጥ፣ በአንድ ትራስ ብትተኛ አይይዝህም። ከንጽሕና ጕድለትም አይመጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በደማችን ውስጥ ተሕዋስን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። እነዚህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። በላሽ ጊዜ ዘበኞቹ ይሳሳታሉ፤ የጠጕሩን ሥር እንደ ጠላት ይቆጥሩትና ይከቡታል። ሐኪሞች ከታመመው ቆዳ ቆርሰው በማጉያ መነጽር ሲመለከቱ፣ ሕዋሳቱ በሥሩ ዙሪያ ተሰብስበው ያያሉ፤ መልኩንም «የንብ መንጋ» ይሉታል። ደግነቱ ንቦቹ ሥሩን አያጠፉትም። ሥሩ ይደነዝዛል፣ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ለዓመታት ከተኛ በኋላም የሚነቃበት ጊዜ አለ። የዛሬው ታሪካችን ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ሥሩ ሕያው ነው።

በ168ኛው መንገድ

እንግዲህ እንነሣ። በማንሃተን ደሴት 1 ቍጥር በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሰሜን ሄደህ 168ኛው መንገድ ስትደርስ ትወርዳለህ። ጣቢያው እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ ወደ ላይ የምትወጣው በአሳንሰር ነው። ከላይ ስትደርስ ሠፈሩ ዋሽንግተን ሃይትስ ይባላል፤ ኮረብታማ ነው፣ ነፋሱም ከሀድሰን ወንዝ ይመጣል። በየሱቁ ደጃፍ የምትሰማው ስፓኒሽ ነው፤ ብዙው ነዋሪ የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ተወላጅ ነውና። ከዚህ ሁሉ መካከል የኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሕንጻዎች ተደርድረው ቆመዋል።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት በብሮድዌይና በ165ኛው መንገድ መጋጠሚያ አንድ በጌጥ የተሸፈነ የቆየ ሕንጻ ታያለህ። ይህ የኦዱቦን አዳራሽ ነው፤ ማልኮም ኤክስ በ1965 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 21 ቀን ንግግር ሊያደርግ ሲጀምር የተገደለበት ቦታ ነው። የፊት ግድግዳው ተጠብቆ ውስጡ የመታሰቢያ ማዕከል ሆኗል፤ ከኋላው ደግሞ የሕክምና ምርምር ሕንጻ ተሠርቶበታል። ሐዘንተኛውም ተመራማሪውም በአንድ ማዕዘን ሲያልፉ ማየት በዚህ ሠፈር ያልተለመደ አይደለም።

እዚህ የምታስተምርና የምትመራመር አንጀላ ክሪስቲያኖ የምትባል የዘር ውርስ ሊቅ አለች። በ1995 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርስቲው በመጣችበት ጊዜ የራስዋ ጠጕር በክብ በክብ መርገፍ ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻሽ አስሮ ዝም ይል ነበር፤ እርስዋ ግን የገዛ በሽታዋን የትምህርቷ ሥራ አደረገችው። በ2010 ዓ.ም. ከጓደኞችዋ ጋራ ከ1,000 የሚበልጡ ሕሙማንን የዘር ጽሑፍ ከጤነኞች ጋራ አስተያይታ አንድ ያልታሰበ ነገር አገኘች። የላሽ ዘመዶች ሌሎች የቆዳ በሽታዎች አልነበሩም፤ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታና በስንዴ ምክንያት የሚመጣው የአንጀት ሕመም ነበሩ። እንግዲህ ዘመዳሞች ከሆኑ ለአንዱ የተሠራው መድኃኒት ለሌላው ሊሆን አይችልምን?

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ የጥንት ሮማዊ ስም ልንገርህ። ሮማውያን ያኑስ የሚሉት፣ ሁለት ፊት ያለው፣ የደጅና የመግቢያ ጠባቂ አምላክ ነበራቸው፤ ጃንዩዌሪ የተባለው ወር የተሰየመው በእርሱ ነው። በሕዋሳት ውስጥም ሁለት ተመሳሳይ ክፍል ያላቸው ፕሮቲኖች ተገኙና በዚሁ አምላክ ስም ጃነስ ካይኔዝ ተባሉ፤ ባጭሩ ጃክ ይባላሉ። ሥራቸው ከውጭ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ማስተላለፍ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተቀብሎ ለአለቃ እንደሚያስገባ ተላላኪ ማለት ነው። በላሽ ጊዜ ዘበኞቹ «ጠላት መጣ!» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ የጠጕሩ ሥር ተሸብሮ ሌላ መልእክት ይመልሳል፤ በዚህም ሌሎች ዘበኞች ይጠራሉ፤ ሽብሩ ማብቂያ ያጣል። ጃክን የሚያግድ ክኒን ግን ተላላኪውን በር ላይ ያስቀረዋል። ደብዳቤው ካልገባ ትእዛዝ አይወጣም፤ ንቦቹም ይበተናሉ።

እንደነዚህ ያሉ ክኒኖች ለሌላ በሽታ ተሠርተው ነበር። ሩክሶሊቲኒብ የሚባለው በ2011 ዓ.ም. ለመቅኔ በሽታ፣ ቶፋሲቲኒብ የሚባለው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት በአሜሪካ መንግሥት ተፈቅደዋል። የኮሎምቢያ ሰዎች መጀመሪያ በአይጦች ላይ ሞከሩት፤ ራቁታቸውን የቀሩት አይጦች ጠጕር አበቀሉ። ቀጥለው ለሦስት ሕሙማን ሩክሶሊቲኒብ ቢሰጡ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጠጕራቸው ከሞላ ጐደል ተመለሰ። ይህም በ2014 ዓ.ም. በኦገስት ወር ታትሞ ወጣ።

ወደ ኒው ሄቨን

አሁን ወደ ታላቁ የባቡር ጣቢያ ወደ ግራንድ ሴንትራል እንውረድ። ጣቢያው በ1913 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ጣራው በአረንጓዴ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ከዋክብት ተሥለውበታል፤ በመካከሉም አራት ፊት ያለው ሰዓት ቆሟል። ቲኬትህን ይዘህ የኒው ሄቨኑን ባቡር ትሳፈራለህ፤ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምክሬን ብትሰማ በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጥ። ስታምፎርድንና ብሪጅፖርትን እያለፍህ ስትሄድ በቀኝህ የሎንግ አይላንድ ወሽመጥ አንዴ ይገለጣል፣ አንዴ ይሰወራል፤ የጀልባ ምሰሶዎች፣ ሸምበቆ የበቀለበት ረግረግ፣ የቆዩ የፋብሪካ ግድግዳዎች ተራ በተራ ያልፋሉ።

ኒው ሄቨን በ2020 ዓ.ም. ቆጠራ 134,000 ያህል ሕዝብ ነበራት። በ1638 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የመጡ ሃይማኖተኞች ሲቆረቁሯት መሬቱን በዘጠኝ እኩል አደባባዮች ከፋፈሉት፤ መካከለኛውንም ለሕዝብ ተዉት። ያ ሜዳ ዛሬም «ግሪን» ተብሎ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት በተርታ ቆመውበት ይታያል። በአንድ ወገኑ የዬል ዩኒቨርስቲ ድንጋያማ ግንቦች ናቸው፤ በሌላው ወገን የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አንድ ከነሐስ የተሠራ ሐውልት አለ፤ ሳታየው አትለፍ። በ1839 ዓ.ም. አሚስታድ በምትባል መርከብ ላይ በባርነት ሲጓዙ ዐምፀው መርከቢቱን የያዙ አፍሪካውያን፣ ተማርከው የታሰሩት በዚህ ቦታ በነበረው ወኅኒ ቤት ነበር። በ1841 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃቸው፤ ከሞት የተረፉትም ወደ ሴራ ሊዮን ተመለሱ።

ከግሪን ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ብትራመድ ወደ ሆስፒታሉና በ1810 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የሕክምና ትምህርት ቤት ትደርሳለህ። ሰፈሩ ለዓይን ብዙ የሚማርክ አይደለም፤ የመኪና ማቆሚያ፣ የመስታወት ሕንጻ፣ አምቡላንስ፣ ቡና በወረቀት ስኒ ይዘው የሚጣደፉ ተማሪዎች ናቸው። ነገር ግን እዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ1942 ዓ.ም.፣ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ተደርገዋል።

በማርች ወር አን ሚለር የምትባል የ33 ዓመት ሴት በኢንፌክሽን ደሟ ተመርዞ ልትሞት ተቃርባ ነበር። ትኩሳቷ ከ41 ዲግሪ አልፎ መዘባረቅ ጀምራለች። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን በአሜሪካ ገና ጥቂት ግራም ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር። ሐኪሞቿ ለምነው አስመጡና በ14ኛው ቀን ወጓት፤ በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቷ ወረደ። መድኃኒቱ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ከሽንቷ እንደ ገና ተጣርቶ እንዲወጣ ተደረገ። ይህች ሴት እስከ 1999 ዓ.ም. ኖራ በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ በመዝገብ «ጄ.ዲ.» በሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ የሚታወቅ ሰው በዚሁ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ነቀርሳው በአንገቱ ዙሪያ አብጦ መዋጥ ከልክሎታል። ሐኪሞች ከጦር መርዝ የተገኘ ናይትሮጅን መስተርድ የሚባል ነገር በደም ሥሩ ወጉት፤ ጊዜው የጦርነት ስለ ነበረ ስሙ እንኳ በመዝገቡ አልተጻፈም። እብጠቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ ሰውዬውም ዋጠ፣ ተኛ፣ ተደሰተ። ነገር ግን በሽታው ተመለሰ፤ በዲሴምበር 1 ቀን ሞተ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ለነቀርሳ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት የተጀመረው በእርሱ ነው።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ያነሣሁልህ ለከንቱ አይደለም። አንዷ መድኃኒቱን ወስዳ ለዘለቄታው ዳነች፤ ሌላው ለጥቂት ወራት ተሻለውና በሽታው ተመልሶ ያዘው። አዲስ መድኃኒት የሚቀምስ ሰው ከሁለቱ የማን ዕጣ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አያውቅም።

የ25 ዓመቱ ወጣት

ከሰባ ዓመት በኋላ በዚሁ ትምህርት ቤት ይሠራ ወደ ነበረው የቆዳ ሐኪም ወደ ብሬት ኪንግ አንድ የ25 ዓመት ወጣት መጣ። ወጣቱ ሁለት በሽታ ነበረበት። አንደኛው ሶራያሲስ የሚባለው ቆዳን እያቀላ የሚያስቀርፍ ሕመም ነው። ሁለተኛው ላሽ ነው፤ ያውም የመጨረሻው ዓይነት። በገላው ሁሉ ላይ ጠጕር አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ጥቂት ጠጕሮች በራሱ ላይ ባለው የሶራያሲስ ቅርፊት መካከል የበቀሉት ብቻ ነበሩ።

ሐኪሙ የኮሎምቢያን የአይጥ ሙከራ ያውቅ ነበርና፣ ለሁለቱም ይረዳ ይሆናል ብሎ ቶፋሲቲኒብ በቀን 10 ሚሊግራም አዘዘለት። በሁለት ወር ውስጥ በራሱና በፊቱ ላይ ጠጕር ታየ፤ በዚያ ቦታ ጠጕር ካየ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። መጠኑ ወደ 15 ሚሊግራም ከፍ ብሎ ሦስት ወር ሲጨመር የራሱ ጠጕር ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱና ጺሙም ታዩ። በስምንተኛው ወር በገላው ሁሉ ላይ በቀለ። ሐኪሙና የሥራ ባልደረባው ብሪትኒ ክሬግሎው ይህን በ2014 ዓ.ም. በጁን ወር ሲያሳትሙ፣ ወጣቱ ምንም ጕዳት እንዳልተሰማውና የደሙ ምርመራም ደኅና እንደ ሆነ ጽፈዋል። ከፊትና ከኋላ የተነሣው ፎቶግራፍ በጋዜጣው ሁሉ ዞረ። በየአገሩ ሻሽና ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ሁሉ ያን ፎቶግራፍ አይቶ «የኔስ ቀን መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

አስተዋይ ሰው ግን በአንድ ሰው አይፈርድም። ስለዚህ ሙከራው ሰፋ። የዬልና የስታንፎርድ ሐኪሞች በ2016 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 66 ሰዎች ለሦስት ወር ቶፋሲቲኒብ ወስደው ነበር፤ ከመቶው 32ቱ የጐደለባቸው ጠጕር በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ተመለሰላቸው። መድኃኒቱን ሲያቆሙ ግን ጠጕሩ በስምንት ሳምንት ተኩል ገደማ እንደ ገና መርገፍ ጀመረ። ያ የጄ.ዲ. ዕጣ መሆኑን ታስታውሳለህ። ተላላኪውን በር ላይ እስከ ያዝከው ድረስ ሰላም ነው፤ ከለቀቅኸው ደብዳቤው ይገባል።

ከዚያ ባሪሲቲኒብ የሚባለው ክኒን ተራው ደረሰ። በሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ከራሳቸው ጠጕር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያጡ 1,200 ሰዎች ገቡ። ከ36 ሳምንት በኋላ በቀን 4 ሚሊግራም ከወሰዱት መካከል ከመቶ ከ36 እስከ 39 የሚሆኑት ራሳቸው ቢያንስ ሰማንያ በመቶ በጠጕር ተሸፈነ። መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን እንዲህ የሆነላቸው ከመቶ ከ3 እስከ 6 ብቻ ናቸው። ቍጥሩን በሁለት በኩል አንብበው። ክኒኑ በእርግጥ ይሠራል። ሆኖም ከመቶው ስድሳ የሚያህሉት በዚያ ጊዜ ውስጥ ያሰቡት ዘንድ አልደረሱም።

በ2022 ዓ.ም. በጁን 13 ቀን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ክኒን ለከባድ ላሽ ፈቀደ፤ በገላ ሁሉ የሚሠራ የላሽ መድኃኒት ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። በ2023 ዓ.ም. ከ12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የሚወሰድ ሪትለሲቲኒብ የሚባል ተጨመረ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ለዐዋቂዎች ዱሩክሶሊቲኒብ ተከተለ። ከመጀመሪያው ፈቃድ ሦስት ወር ሳይቀድም በማርች 27 ቀን 2022 ዓ.ም. በሆሊውድ የሽልማት መድረክ አንድ ቀልደኛ ስለ አንዲት ተዋናይት የተላጨ ራስ ቀልዶ ባሏ በጥፊ እንደ መታው መቼም ሰምተሃል። የሴቲቱ ሕመም ይኸው ላሽ ነበር። ጥፊውን ዓለም ሁሉ አየው፤ የመድኃኒቱን መፈቀድ የሰማው ግን ጥቂት ነው።

ሚዛኑ

እነሆ ወደ ጥያቄያችን ደረስን። ሰው ለጠጕር ብሎ አደጋ ይግባን?

መልስ ከመስጠትህ በፊት ራስህን በባለ ላሹ ቦታ አድርገው። ቅንድብ የሌለው ፊት የሰው ሁሉ ዓይን ያርፍበታል። ሽፋሽፍት ከሌለ አቧራና ላብ በቀጥታ ዓይን ይገባል። ተማሪው በክፍል ባርኔጣህን አውልቅ ይባላል፤ ጸሐፊው አለቃ ፊት ሲቀርብ እንዲሁ። «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ጠያቂ በቀን ዐሥር ጊዜ ይመጣል፤ አንዳንዱም ሳይጠይቅ ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል። አንቺም እኅቴ፣ ሹሩባሽ የቤተ ሰብ ኩራት ሆኖ ካደግሽ በኋላ በሻሽ ሥር ምንም ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለአንቺ መንገር አያሻም። ስለዚህ «ጠጕር ብቻ ነው» የሚለው ሰው ጠጕሩ በራሱ ላይ ያለ ሰው ነው።

በሌላው ሚዛን ያለውን ደግሞ እንመዝን። ተላላኪው የላሽን ደብዳቤ ብቻ የሚያደርስ አይደለም፤ ተሕዋስ ሲገባ የሚጮኸውንም እርሱ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ በእነዚህ ክኒኖች መግለጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ክፈፍ የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ተደርጓል፤ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ነቀርሳ፣ የልብ ድካምና የደም መርጋት ሊመጣ ይችላል የሚል ነው። ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው የመጣው ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለልብ በሽታ ከተጋለጡ የቁርጥማት ሕሙማን ጥናት ነው። በላሽ ሙከራዎች የገቡት በዕድሜ ያነሱ ነበሩ፤ በብዛት የታየባቸውም ብጉር፣ ራስ ምታት፣ ጕንፋንና በደም ውስጥ የስብ መጨመር ነው። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ለወጣትም ለሽማግሌም አንድ ነው፤ ወጣት ነኝ ብሎ መናቅ አይገባም።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ የነቀርሳ ተሕዋስ ሳይታመም በሰውነቱ ተኝቶበት እንደሚኖር የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ በኢትዮጵያም ነቀርሳ እንግዳ በሽታ አይደለም። ዘበኞቹ ነቅተው ሳለ ተሕዋሱ ይታሰራል፤ ዘበኞቹ ሲደነዝዙ ይፈታል። ስለዚህ ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት የነቀርሳ ምርመራ፣ የጉበት ቫይረስና የደም ምርመራ ግዴታ ነው፤ ከተጀመረም በኋላ ደሙ በየጊዜው ይታያል። ሴት ብትሆኚና እርግዝና ብታስቢ አስቀድመሽ ለሐኪም መንገር አለብሽ።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ አዝኖልህ በመንገደኛ ሻንጣ ክኒን ሊልክልህ ይችላል። ዘመድህን አመስግነው፤ ክኒኑን ግን ሳትመረመር አትዋጠው። መጀመሪያ ላሽ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ቆረቆር ቢሆንስ? አዲስ አበባ ውስጥ በ1965 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ዛሬ የቆዳ በሽታ ሁሉ የሚታይበት ሆስፒታል ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የመጀመሪያው እርምጃ ይሁን። ጥቂት ክብ ብቻ ላለበት ሰው ሐኪም የሚያስበው ቀለል ያለ ነገር ነው፤ የሚቀባ ቅባት ወይም በቦታው ላይ የሚወጋ መርፌ፤ አንዳንዴም መጠበቅ ብቻ።

ዋጋውንም አትርሳ። ሪትለሲቲኒብ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ዓመት 49,000 ዶላር ነበር። ሲቆም ጠጕሩ የሚመለስ አይደለም እንጂ የሚረግፍ ከሆነ፣ ይህ የአንድ ዓመት ወጪ ብቻ እንዳልሆነ ሒሳብ ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ባለጠጎች አገሮች ሳይቀሩ ለማን ይከፈል እያሉ ይከራከራሉ።

ሌላም መንገድ የመረጠ ሰው አለ። ከኒው ሄቨን በስተሰሜን ባለችው በማሳቹሴትስ ተመርጣ በምክር ቤት የምትቀመጠው አያና ፕሬስሊ ሹሩባዋ እንደ ዐርማዋ የሚታወቅ ሴት ነበረች። በ2020 ዓ.ም. በጃንዩዌሪ ወር ላሽ እንደ ያዛትና ጠጕርዋ ሁሉ እንዳለቀ ተናግራ በፊልም ፊት ራስዋን ገለጠች። ከዚያ ወዲህ በራ ሆና በምክር ቤቱ ትናገራለች፣ ትሟገታለች። ክኒን የሚወስደውን አናሞግስም፣ አንነቅፍም፤ ሻሽ የፈታችውንም እንዲሁ። ሁለቱም የገዛ ራሳቸውን በሚዛን አስቀምጠዋል።

አሁን በኒው ሄቨን መሽቷል። ወደ ዎስተር መንገድ ሄደህ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ በድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚጋገረውን ፒዛ ቅመስ፤ ጠርዙ ጠቆር ያለ ነው፣ ተቃጠለ ብለህ አትመልሰው። ስትበላ በዙሪያህ የተቀመጡትን ተመልከት። ከእነርሱ መካከል ዘንድሮ በአንድ ሙከራ ገብቶ ነገ ጠዋት ደሙን የሚሰጥ፣ ክኒኑ እውነተኛው ይሁን ባዶው ሳያውቅ የሚውጥ ሰው ሊኖር ይችላል። አን ሚለርና ጄ.ዲ.፣ የ25 ዓመቱም ወጣት በዚህች ከተማ እንዲሁ ነበሩ። የምንጠቀምበት መድኃኒት ሁሉ ቀድሞ የቀመሰው ሰው አለው።

ነገ ወደ ትምህርት ቤትህ ወይም ወደ ቢሮህ ስትመለስ፣ በመስኮቱ አጠገብ ባርኔጣውን ሳያወልቅ የሚቀመጠውን ጓደኛህን ታየው ይሆናል። ምን ሆነህ ነው አትበለው። ማበጠሪያህን ቢለምንህ ስጠው፤ አይያዝህምና። ራሱ ጨዋታውን ካነሣው ደግሞ ያነበብኸውን ንገረው፦ ሥሩ እንዳልሞተ፣ ክኒን እንዳለ፣ ክኒኑም ከመቶ ሁሉን እንደማያድን፣ ከመዋጡ በፊት ነቀርሳውን መመርመር እንዳለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን እርሱና ሐኪሙ ይወስኑ።